ወጌሻው አማቼ በግራ ነበር የሚያነክሱት

እኔን ብሎ ወጌሻ። መቀነቴን በወጉ ማሰር የማልችል፣ በር ስዘጋ የገዛ ጣቴን የምቀረቅር ሴትዮ የሰው አጥንት ልመልስ ቁጭ አልኩ እኮ። ዛሬ ሳስበው እኔው በእኔ እስቃለሁ። ማን ጠራሽ ካላችሁኝ ማንም አልጠራኝም፤ አፌ ነው ጎትቶ ያስገባኝ። ይሄ አፍ ያላስገባኝ ጣጣ የለም። ከጎረቤት አጣልቶኛል፣ ከባሌ አኳርፎኛል፣ አንዴም ከለቅሶ ቤት አስወጥቶኛል። የሰው ቁርጭምጭሚት ድረስ ይወስደኛል ብዬ ግን በህልሜም አልመጣብኝ።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው በኩል፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር። የራያ ሜዳ በደህና ጊዜ ማሽላው ግመልን ከነጭነቱ ይሰውራል። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወንዶቹ ጠልፈው እርሻው ላይ ያስተኙታል፣ መሬቱ ይጠጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማሽላው የራሱን ያውቃል። ይሄ የምነግራችሁ ግን በደህናው ጊዜ የሆነ አይደለም። በክፉ ቀን ነው፤ ስልሳ አምስት ወጥቶ ስልሳ ስድስት ሲገባ።

አማቼ፣ የባሌን አባት ማለቴ ነው፣ ወጌሻ ነበሩ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ትከሻው የወለቀ፣ ክርኑ የዞረ፣ ቁርጭምጭሚቱ የሸሸ ሁሉ በሰው ጀርባም በግመልም ወደሳቸው ይመጣል። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ያነክሳሉ። በልጅነታቸው ግመል ጥሏቸው፣ በጊዜው የሚመልስ ሰው ጠፍቶ፣ ዳሌያቸው እንደወጣ ቀረ። ስለሱ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ ሥራውን ያስተማረኝ ይሄ እግሬ ነው፣ እንዴት መቅረት እንደሌለበት አሳይቶኛል ይሉ ነበር።

በኛ ወግ ምራት ባማቷ ፊት ድምፅ የላትም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ታወርዳለች፣ ስማቸውን አትጠራም፣ ሲመጡ ትነሳለች፣ ሲበሉ ትሰወራለች። እኔም ፊታቸው እርግብ ነበርኩ። ከጎታው ኋላ ስሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ነኝ። የማገዶ እንጨት እንደ ምርኩዝ እይዝና፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ አንድ እግሬን እየጎተትኩ፣ እህ እህ እያልኩ፣ ያማቼን አካሄድ እሄዳለሁ። የባሌ እህቶች ሳቃቸው እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ይጠቀጥቃሉ። በጣም ነበር የምችልበት። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

አፌ ወደ ሥራው የገባው እንዲህ ነው። ክፉ ቀን ሳይመጣ፣ ሁሉም ጠግቦ በሚያድርበት ዘመን፣ አንድ ጎረምሳ ትከሻው ወልቆ መጣ። ጎፈሬው በቅቤ የራሰ፣ ሚዶ የተሰካበት፣ አካሄዱ አገሩ ሁሉ የሱ የሚመስል። ሲነኩት ግን እንደ ጥጃ ይጮሃል። አማቼ ክንዱን በያዙ ቁጥር ሥጋውን ድንጋይ ያደርገዋል። እኔ ውሃ ቀድቼ ሳልፍ፣ ለራሴ ያልኩ መስሎኝ፣ "ይሄን የሚያህል ጎፈሬ ተሸክሞ ትከሻው እስከ ዛሬ መቆየቱ" አልኩ። ጎረምሳው ተናዶ ወደኔ ዞር ሲል አማቼ አንዴ ነጠቅ አደረጉት። ቋ አለ። ሊሰድበኝ የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ክንዱ ቤቱ ገብቷል።

ከዚያ ወዲያ ሰው በመጣ ቁጥር አማቼ ከውጭ ሆነው፣ ልጄ ውሃ አምጪ ይላሉ። ውሃውን የሚጠጣው የለም። እኔ ቅሉን ይዤ እመጣና ግድግዳው ጥግ ቆሜ የመጣውን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ ተረከዙ እለቅመዋለሁ። እሳቸው እንደማይሰማ ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ነይና ስደቢልኝ ብለው ባፋቸው አያውቁም፣ አይገባማ። እኔም ሰደብኩልዎ አላልኩም። ውሃ ነው የማመጣው። እንዲህ ሆነን ስንት ሰው መለስን።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። የፈራ ሰው ሥጋ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። አጥንቱ መግባት ይፈልጋል፣ ሥጋው አያሳልፈውም። ሰውየው ሲስቅ ወይ ሲናደድ ትንፋሹን ያወጣል፣ ገላውን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይረሳዋል። ያቺን ጥቅሻ መንጠቅ ነው ሥራው። ማሸቱ፣ መዳበሱ፣ ቢስሚላሂው፣ ሁሉም እሷን መጠበቂያ ነው።

ክፉ ቀን ሲመጣ ይሄ ሁሉ ተበላሸ። መጀመሪያ ማሻሻው ቅቤ ጠፋ፤ ላሚቱ ራሷ ከጠፋች ቅቤዋ ከወዴት ይመጣል። የጉሎ ፍሬ ሰውም ከብትም ስለማይበላው እሱ ብቻ ቀርቶ ነበርና እሱን ወቅጠን እናሽ ጀመር። ቀጥሎ የሰው ገላ ተለወጠ። ሥጋ ሲያልቅ አጥንት በቀላሉ ይገባል፣ በቀላሉም ይወጣል፤ አቅፎ የሚይዘው የለውማ። አማቼ ለመጣው ሁሉ፣ ተኛ፣ አትንቀሳቀስ ይላሉ። ማን ተኝቶ ይውላል። አንዱ የዱር ፍሬ ኩርኩራ ሊለቅም ይሄዳል፣ አንዱ ከደረቀው ወንዝ ውሃ ሊጭር ይወርዳል። ያስገባነው ሁሉ ወልቆ ይመለሳል።

ሳቅም ጠፋ። እኔ ነገር እወረውራለሁ፣ ሰውየው ያየኛል፣ ከዚያ ዓይኑን ይከድናል። ለመናደድም ለካ ጉልበት ይፈልጋል። የራሴም ቢሆን አልቆ ነበር። ማሰሮ ይዤ እወጣና ማሰሮውን ምን ላደርገው እንደነበር ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። ልጄን ልታቅፍ የሄደች እጄ መንገድ ላይ ጭኔ ላይ ታርፍና እዚያው ትቀራለች። ቁጭ ካሉ መነሳት፣ ከተነሱ ደግሞ መቀመጥ፣ ሁለቱም ሩቅ አገር ሆነ። አማቼ በር ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይውላሉ። ያ ግመል የሚያቆም እጅ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ነበር። ባሌ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ሑመራ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ሲሄድ፣ አባቴን አደራ ብሎኛል። እህቶቹ አግብተው ሄደዋል። እቤት የቀረነው እኔ፣ ጡት ያልጣለች ሕፃን ልጄና እሳቸው ነን።

አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤት ነበረችኝ። እኩያዬ ናት። እኔ አፌ አይዘጋም፣ እሷ አፏ አይከፈትም፣ ከከፈተችው ደግሞ ድንጋይ ነው የምትወረውረው። ባሏ ከባሌ ጋር ነው የሄደው። ሁለት ልጆች አሏት፣ አንዷ የምትታዘል፣ አንዱ እጅ ተይዞ የሚሄድ።

አንድ ቀን ከቆቦ ወሬ መጣ። አስፋልቱ ዳር እህል በመኪና ገብቷል፣ ለመጣ ሰው ይሰፍራሉ፣ የቆየ ግን አያገኝም አሉ። መንደሩ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሊነሳ ተስማማ። የሚሄድ ይሄዳል፣ የማይችል ይቀራል። ይሄን ማንም ባፉ አላለውም፤ ሁሉም ግን ገብቶታል። አንድ ሰው ሌላ ሰው የሚሸከምበት ጊዜ አልፏል። እኔ ከቀሪዎቹ ነኝ፤ አማቼ ያን መንገድ አይችሉትም፣ አደራ አለብኝ። ጎረቤቴ ከሄያጆቹ ናት።

ታዲያ ይቺ ሄያጅ ለመንገዱ ስንቅ ልፈልግ ብላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ጉድጓድ ገባች። እኛ አገር ማሽላ መሬት ተቆፍሮ ነው የሚቀመጠው። የሷ ጉድጓድ እንደ ሁላችንም ከተራቆተ ቆይቷል። ያን ሰሞን ግን ሴቱ ሁሉ እየተመለሰ ይገባ ነበር፣ ግድግዳው ላይ የተጣበቀች ፍሬ ትኖር ይሆናል ብሎ በጥፍሩ ሊጭር። የራሴን እኔም ጭሬዋለሁ። አፈር ነው ያገኘሁት። እሷም አፈሯን ጭራ ልትወጣ ስትንጠለጠል ክንዷ ከዳት። ወደቀችና እግሯ ከሥሯ ታጠፈ።

ሁለት ሴቶች ቁርበት ላይ አድርገው እየጎተቱ አመጧትና ደጃችን ካለው ግራር ሥር አሳረፏት፤ ራሳቸውም እዚያው ተዘረሩ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ እግሯ ወደ ውጭ ሌላ ሰው የሚያይ ይመስላል። ልጆቿ ራቅ ብለው ቁጭ አሉ። አላለቀሱም። ልጅ ያን ጊዜ አያለቅስም ነበር።

"አባ፣ ይገባ እንደሆን አሁኑኑ ይንገሩኝ" አለች ጎረቤቴ። "ነገ መንገድ አለብኝ።"

አማቼ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው እየነካኩ ዞሩት። አልተሰበረም፣ ወልቋል አሉ። ከዚያ ተረከዙን ያዙ። ሳቡ። እጃቸው ተንሸራተተ። ነጠላቸውን ጠቅልለው ደግሞ ያዙ፣ ሳቡ፣ እሷ ከንፈሯን ነከሰች፣ እግሩ ንቅንቅ አላለም። ለቀቁት። ግራሩን ተደግፈው እስኪተነፍሱ ብዙ ቆዩ። እዚያ ያለን ሁሉ የሳቸውን እጅ ላለማየት መሬት መሬቱን እናይ ነበር።

ከዚያ፣ "ልጄ፣ ውሃ አምጪ" አሉ።

ቅሉን ይዤ መጣሁ። ነጠላዬን ወደ ዓይኔ አውርጄ፣ እንደ ልማዴ አፌን እያዘጋጀሁ ጥግ ቆምኩ።

"ቅረቢ" አሉኝ። "ዛሬ አፍሽ ብቻ አይደለም። እጅሽም ነው።"

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አፌን በግልጥ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው፤ ለካ ግድግዳውን እያዩ ይሰሙኝ ኖሯል። እጄን ለምን እንደመረጡ ደግሞ ነገሩኝ። እኔ ምድጃ ላይ ፍም ሳነሳ በመቆንጠጫ አልጠቀምም፣ በጣቴ ነጠቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። ይሄንንም አይተዋል። ያው ነው አሉኝ፣ ፍም እንደምታነሺው ነው፣ እጅሽ እንዲቆይ አትፍቀጂለት።

ተረከዟን ግራ መዳፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ። ቀኜን ከላይ፣ እግሯ ከቅልጥሟ በሚጋጠምበት ላይ አሳረፉት። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ ሳቢ አሉ፣ የላላ ገመድ እስኪወጠር እንደሚሳብ። ሲወጠር እዚያው ቁሚ። ከዚያ ወዲያ መጎተት የለም፤ አንዴ ነው፣ አጭር ነው፣ ወደ ራስሽ። ጉልበት የለኝም ብላቸው፣ በጉልበት ቢሆን ኖሮ ወጌሻው በሬ ነበር አሉኝ።

ሳብኩ፣ ተወጠረ፣ ቆምኩ። አሁን የሚቀረው እሷን ማስረሳት ነው። ጀመርኩላት። ሰው እህል ፍለጋ እገበያ ይወጣል፣ አንቺ መቃብርሽን ለክተሽ ትገቢያለሽ አልኳት። ባልሽ ሑመራ ሆኖ ይሄን ቢሰማ እዚያው ሌላ ያገባል አልኳት። እግርሽ ድሮም ዳክዬ ነበር፣ አሁን ገና ቀንቶልሻል አልኳት። ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አየችኝ። በእጄ ውስጥ ያለው እግር እንደ ካስማ ደርቋል። ሥጋ የለውም፣ ግን የቀረው ጅማት ሁሉ ነገን እየፈራ ተወጥሯል።

"ተይኝ እቴ" አለች በመጨረሻ። "ካልገባ ልጆቼን ከሚሄዱት ጋር ስደጂልኝ። ትልቁ ትንሿን ይይዛል።"

በሕይወቴ ቃል ያጣሁት ያን ጊዜ ነው። ትልቁ ያለችው ራሱ ገና እጁን የሚይዝለት የሚፈልግ ነው። የምላት ነገር ፈለግሁ፤ ውስጤን እንደዚያ ጉድጓድ ጫርኩት፣ አፈር ነው። እጄም እየዛለ ነው፣ የያዝኩት ውጥረት ሊያመልጠኝ ነው።

ያን ጊዜ ነው አማቼ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

"ይቺ ልጅ" አሉ በምርኩዛቸው ወደኔ እያመለከቱ፣ "ከሙሽርነቷ ጀምሮ ከጎታ ኋላ የኔን አካሄድ ትሄዳለች።"

ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ልጎትት አልኩ፣ እጆቼ ግን ተረከዟ ላይ ናቸው።

"ሳሉን ትችለዋለች። ወገቡንም ትሰብረዋለች፣ አይከፋም። እግሩ ግን አይሆንላትም። እኔ የማነክሰው በግራ ነው። እሷ ይሄን ሁሉ ዘመን በቀኝ ታነክሳለች።"

እኚያ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ ቀልድ ሲነገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት። ነጠላዬ ከራሴ ወርዷል፣ አፌ እንደዚያ ጎረምሳ አፍ ተከፍቶ ቀርቷል። ጎረቤቴ አማቼን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ከሆዷ የሆነ ነገር ሲወጣ ሰማሁ። ሳቅ ነው። ተዘግቶ ከከረመ በር የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነበረው፣ እየተንቋረረ። በእጄ ውስጥ ያለው እግር ላላ አለ። እኔ ግን ተገትሬያለሁ፣ ሥራዬን ጭልጥ አድርጌ ረስቼዋለሁ።

"ፍሟን" አሉ አማቼ።

እጄ ሄደች። እኔ አልላክኋትም፣ ራሷ ሄደች። ቋ አለ። ድምፁ ክንዴን ተከትሎ እስከ ጥርሴ መጣ። ጎረቤቴ ሳቋ መሃል ላይ አንድ ጩኸት ጮኸችና እንደገና ሳቀች፣ ከዚያ ዝም ብላ ዓይኗን ጠራረገች። እግሯ ወደ ፊት ያያል።

አማቼ ዳበሱት። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ፣ የማሽላ አገዳ ሰንጥቀን በግራ በቀኝ አደረግንና አሰርነው። የሚይዘው ሥጋ ስለሌለ ማሰሪያው ሥጋ ይሁንለት አሉ። ልጅ ስታዝዪ ወደ ደህናው እግር አዘንብዪ፣ ስትረግጪ መሬት መሬቱን እዪ፣ ቆቦ እስክትገቢ ማሰሪያውን እንዳትፈቺ አሏት። መጨረሻ ላይ ምርኩዛቸውን ሰጧት። እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት፣ እኔ የምሄድበት የለኝም አሏት። ወሰደችው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሲሄዱ አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋቸው። መንደር ሲነሳ ድምፅ ይኖረዋል ብላችሁ ታስባላችሁ። ከብት የለ፣ ውሻ የለ፣ የሚጠራራ ሰው የለ፤ የሚጎተት እግር ብቻ ነው የሚሰማው። የሷ ምርኩዝ ከሁሉ ኋላ ቅብ፣ ቅብ ይላል። ከሜዳው ዳር ያለችውን ኮረብታ እስኪዞሩ ድረስ አልቆመም።

እኔና አማቼ ቀረን። ሐፍረቱ ራሱ አድክሞኝ ነበር፤ ፊታቸውን እንዴት አያለሁ? እሳቸው ስለዚያ ነገር ደግመው አላነሱም። ከሰዓት በኋላ፣ "ልጄ፣ ውሃ አምጪ" ሲሉ ሰማሁ። የመጣ በሽተኛ ያለ መስሎኝ ወጣሁ። ማንም የለም። ቅሉን ሰጠኋቸው፤ ጠጡት። በዚያ ሁሉ ዓመት አምጪ ያሉኝን ውሃ ሲጠጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እንደተቀመጡ ነው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ። የቀሩት ሽማግሎች ቆፍረው አይጨርሱትም፣ እያረፉ፣ እየተቀባበሉ፣ ጥልቀቱ የሚገባውን ያህል ሳይሆን ቀበሯቸው። ሰላቱን የሰገዱት ተቀምጠው ነው። አላለቀስኩም። እንባም ለካ ከሚበላ ነገር ነው የሚሠራ። አደራዬን ከጨረስኩ በኋላ ልጄን አዝዬ ተነሳሁ። መንገዱን አልነግራችሁም፣ ስለሱ ለማውራት ዛሬም ይደክመኛል።

ቆቦ ስደርስ አስፋልቱ ዳር ሰው እንደ አዝመራ ክምር ተኮልኩሏል። እህሉ በሰልፍ ነው፣ ሰልፉ ደግሞ ቆሞ አይደለም፣ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መጀመሪያ ያየሁት ምርኩዙን ነው። ጎረቤቴ ጭኗ ላይ አጋድማው ተቀምጣለች፣ ሁለቱም ልጆቿ ተደግፈዋታል። ማሰሪያው እግሯ ላይ አለ፣ ጠቁሯል። ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

"አባስ?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ዝምታ አልችልበትም፣ ታውቃላችሁ። ልጄን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና ምርኩዙን አነሳሁ። ወገቤን ሰበርኩ። እህ እህ አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ግራዬን እየጎተትኩ፣ በግራ፣ በደንብ ተጠንቅቄ በግራ፣ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ሄጄ ተመለስኩ። ሰው አየኝ፣ ዓይኑን ከደነ። እሷ ግን እግሬን እስከ መጨረሻው ተከታተለችው።

"አሁንም አልሆነልሽም" አለች። "ተቀመጪ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ፤ ሰልፉ ገና ነው።"